ሰው ቢያልቅ ጫካውን የሚወርሰው ቢግፉት አይደለም

ጥያቄህን ያየሁት ትራክ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጭነት ስጠብቅ ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሌሊቱን ስነዳ ሳሰላስለው አደርኩ። "የሰው ልጅ በአንዳች ነገር ክፉኛ ቢቀንስ፣ በአሜሪካ ጫካ አለ የሚባለው ቢግፉት፣ ያ ጸጉራም ግዙፍ ሰው መሰል ፍጡር፣ ይበዛል ወይስ አብሮን ያልቃል?" ነው ያልከው። ከእኔ በፊት የመለሱት ሁሉ ማለት ይቻላል "ሰው ከሌለማ ምን አለበት፣ ጫካው የእሱ ነው" ብለዋል። እኔ እንደዛ አይመስለኝም።

አስቀድሜ ልናገር፣ ቢግፉት አለ ብዬ አላምንም። የምኖረው አገሩ ነው በሚባለው በዋሽንግተን ስቴት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከኬንት ተነስቼ አይ ናይንቲ (I-90) የሚባለውን ሃይዌይ ይዤ የስኖኳልሚን ተራራ አቋርጬ ስፖኬን እደርሳለሁ፣ እስከዛሬ ያየሁት ቢግፉት ከግንድ ተጠርቦ ነዳጅ ማደያ በር ላይ የቆመውን ብቻ ነው። ስሙን ያስጠራው የ1958ቱ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የካሊፎርኒያ ዱካም ቢሆን፣ ሬይ ዋላስ የሚባለው ሰውዬ በ2002 ሲሞት ቤተሰቦቹ "በእንጨት እግር እያተመ የቀለደው እሱ ነው" ብለው አፍረጥርጠውታል። ግን ይሁን፣ አለ እንበል።

እኔ ያደግኩት ማሽላ ከዝንጀሮ ስጠብቅ ነው። ማማ ላይ ቆሜ ወንጭፍ ሳጮህ መንጋው ዞር ብሎ ያየኝና እሸቱን መብላቱን ይቀጥላል። ልጅ መሆኔን ያውቃሉ። አያቴ ከቤት ብቅ ሲል ግን ገና ከሩቁ ገደሉን ይዘው ይወርዳሉ። አንድ ዓመት ከእኛ በላይ ያሉ ሦስት አባወራዎች መሬታቸውን ትተው ከተማ ገቡ፣ እኛም "በቃ ዝንጀሮ ነገሠ" አልን። ለአንድ ክረምት እውነትም ነገሠ፣ ወፍ ዘራሹን ማሽላ እየበላ። በሚቀጥለው ዓመት ወፍ ዘራሹም አለቀ፣ እርሻውን ቁጥቋጦ ዋጠው፣ መንጋው በሙሉ እኛ ላይ ወረደ። የሰው መሄድ ለእንስሳ ሁልጊዜ ድግስ እንዳልሆነ ያየሁት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ቢግፉት። ሰው በምን አለቀ? በበሽታ ከሆነ እሱም ነገር አለበት። ከእኛ ጋር ቅርብ ዘመድ ከሆነ የእኛ በሽታ የእሱም ነው። በኮንጎ ሎሲ በሚባለው ጫካ በ2002 እና በ2003 ኢቦላ ገብቶ 5,000 ገደማ ጎሪላ እንደጨረሰ ተገምቷል። ሩዋንዳ ውስጥ ጉንፋን የያዘው ጎብኚ ጎሪላ ጋር አይቀርብም የሚባለው ለዚህ ነው። ውሻም አለ። ጌታው የሞተበት ውሻ ሁሉ ተሰብስቦ መንጋ ይሆናል። የባሌን ቀይ ቀበሮ በ2003 የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የመጣው ከመንደር ውሻ ነው፣ ያውም ባለቤት ካለው።

"ቼርኖቢልስ?" ትለኛለህ፣ አውቃለሁ፣ ሁሉም የሚያነሳው እሱን ነው። ልክ ነው፣ በ1986 የኑክሌር ጣቢያው ፈንድቶ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከአካባቢው ከወጣ በኋላ አውሬው ተመልሷል። በቤላሩስ በኩል ያለው የተኩላ ብዛት በአካባቢው ካሉት ጥብቅ ደኖች ከሰባት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ግን ተኩላ በየዓመቱ አራት አምስት ቡችላ ይወልዳል። ጎሪላ በአራት ዓመት አንድ ነው። ኦራንጉታን ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ያስጠብቃል። ቢግፉት ያን በሚያክል ሰውነቱ እንደ ተኩላ ይወልዳል ብለህ ታስባለህ? የቪሩንጋ ተራራ ጎሪላ በ1981 ከ250 ትንሽ ከፍ ይል ነበር፣ 600 የደረሰው ከ35 ዓመት በኋላ ነው። እሱም ቀን ከሌት የሚጠብቅ ዘብና መርፌ ይዞ ጫካ የሚገባ ሐኪም ተመድቦለት። (ወጥመዱን የሚያጠምድበትም ሰው ነው፣ እሱን አልክድም።)

ደግሞ ትልቅ ዝንጀሮ ያለ ሰው እጅም ያልቃል። ደቡብ ቻይና ይኖር የነበረው ጂጋንቶፒቴከስ ቁመቱ ወደ ሦስት ሜትር ይገመታል፣ ከጠፋ ከ200 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጫካው ሲቀያየር ምግቡን መቀየር አቃተው። በቃ።

አንድ ነገር ግን ይጠቅመዋል፣ መንገዱ ጭር ማለቱ። ይሄን ያህል ዘመን ካልተገኘ መቼም ጥቂት ነው የሚሆነው፣ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ወንዱ ሴቷን ለማግኘት ሃይዌይ ማቋረጥ አለበት። በኪቺለስ ሐይቅ በኩል ለአውሬ ብቻ ተብሎ ከአይ ናይንቲ በላይ የተሠራ ድልድይ አለ፣ ዛፍና ሣር የተተከለበት፣ ሁሌ በሥሩ ሳልፍ ይገርመኛል። በ2020 ሚያዝያ ላይ፣ ሁሉም ቤቱ በተዘጋበት ሰሞን፣ ኖርዝ ቤንድ ካለው የትራክ ማቆሚያ ልወጣ ስል ኤልክ የሚሉት ትልቁ አጋዘን መንገዱን ሞልቶ ቆሞ አገኘሁ። አሥራ አምስት ይሆናሉ። መብራቴን ዝቅ አድርጌ ቆምኩ። አንዷ ዞራ አየችኝና እንደዚያ የአገሬ ዝንጀሮ ማኘኳን ቀጠለች። የወሰደባቸው አንድ ወር ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔን ካልከኝ፣ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ዓመታት ለቢግፉት ክፉ ናቸው፣ ከዚያ የተረፉ ካሉ ቀስ እያሉ ይበዙ ይሆናል። ግን ቦታው ባዶ ሆኖ አይጠብቃቸውም። በዚህ ስቴት 20,000 ገደማ ጥቁር ድብ አለ። የጫካ እንጆሪውንም ሳልመን የሚሉትን ዓሣም የሚበላው እሱ ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ሁለት ግልገል ይወልዳል፣ ምግብ አይመርጥም። ባለፈው መስከረም ኢሳኳ ያለው ጓደኛዬ ቤት ሌሊት መጥቶ የቆሻሻ ገንዳውን ገልብጦ የበዓሉን ትርፍ ዶሮ ወጥ ጥርግ አድርጎ በላው። ጠዋት ስንወጣ የቀረው የእንቁላሉ ቅርፊትና ፌስታሉ ላይ የተለቀለቀው ድልህ ነው።