መልስ፦ ፍላት፣ ስቱዲዮ፣ ቤድሲት ልዩነታቸው ምንድን ነው?
ወንድሜ፣ ለንደን ቤት ለመከራየት ነው ካልክ፣ ፍላት አሜሪካኖች አፓርትመንት የሚሉት ነው፤ እሱ አያስቸግርህም። ልብ ማለት ያለብህ ስቱዲዮና ቤድሲት ላይ ነው። ሁለቱም አንድ ክፍል ናቸው። ስቱዲዮ ግን ሻወርና ሽንት ቤቱ የግልህ ነው፤ ቤድሲት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎች ተከራዮች ጋር ነው። ማስታወቂያውን ብቻ አትመን፣ "ሻወሩ የጋራ ነው?" ብለህ ጠይቅ።

ሰሚ ዲታችድ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች፣ ቴራስ ደግሞ በረድፍ የተያያዙ ናቸው (የጎረቤት ቲቪ ሊሰማህ ይችላል)። "ፈርስት ፍሎር" ካሉህ ደረጃ መውጣት አለ፤ ከመሬት እኩል ያለው "ግራውንድ" ነው።

ስኮትላንድ ደግሞ "ዌር ዱ ዩ ስቴይ?" ካሉህ ሆቴልህን እየጠየቁ እንዳይመስልህ። የት ነው የምትኖረው ማለታቸው ነው።