ካሜራው ሳይመጣ በፊት

ካሜራ ይዤ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በቪኤችኤስ ካሴት ሠርግ ቀረጻ ጀምሬ፣ በማስታወቂያ አልፌ፣ የድርጅት ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ ጸጉሬ ሸበተ። ንግድ ለጀመራችሁ ወጣቶች ዛሬ የምጽፈው፣ እንደ እኔ ላለ ሰው ብር ስትከፍሉ ብራችሁ የት እንደሚገባ ነው። የሙያ ጓደኞቼ ይቀየሙኝ ይሆናል። ይቀየሙ።

በዘጋቢ ፊልሙ ልጀምር። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ትወጣለች። ዋሽንት ይነፋል። ድሮን ከሕንፃው በላይ ይነሳል። ወፍራም ድምፅ ያለው ተራኪ "ድርጅታችን ከተመሠረተበት ጊዜ አንስቶ" ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ ባንዲራ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ወረቀት ላይ ጣል እያደረገ ራዕይና ተልዕኮ ይነግረናል። 14 ደቂቃ! በምሥረታው በዓል ቀን፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ምግብ እስኪቀርብ ይታያል። ይጨበጨባል። ከዚያ ፍላሹ መሳቢያ ይገባል።

ይህን ፊልም ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አልቆጠርኩም። ጥሩ ተከፍሎኛል። "ፊልሙ አንድ ደንበኛ አመጣልን ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ ባለቤት ግን የለም። እኔም አላነሳሁትም። ለምን ላንሳ?

ይህ የድምቀት ልክፍት የመጣብን ከቢራ ይመስለኛል። ያኔ ትልቁን በጀት የሚይዘው የቢራ ማስታወቂያ ነበር። ተራራ፣ ጭፈራ፣ ፏፏቴ፣ ብዙ ሰው። በኋላ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያስወጣው ገንዘቡ ሄደ፣ አመሉ እኛ ጋ ቀረ። ብሎኬት የሚሸጥ ሰው ሲመጣም ተራራ ላይ እናወጣዋለን።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ መጣች። ሼድ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ታመርታለች። "ጋሼ፣ አሪፍ ነገር ይሥሩልኝ" አለች። ድሮን ትፈልጋለች። የታወቀች ተዋናይትም አስባለች። ያጠራቀመችውን ሁሉ ይዛ ነው የመጣችው። በወጣትነቴ ቢሆን ብሩን ተቀብዬ ድሮኑን አስነሳው ነበር።

"ሰው ሲደውልልሽ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ዋጋ" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ሌላም ይጠይቃሉ" አለች።

ደብተር ገዝተሽ ስልክሽ አጠገብ አስቀምጪ፣ ለአንድ ሳምንት የሚጠይቁሽን ሁሉ እንደወረደ ጻፊ ብዬ መለስኳት። በነፃ ምክር የሸኘኋት መስሏት ትንሽ ቅር ብሏታል። በአሥረኛው ቀን ደብተሩን ይዛ ተመለሰች። አራት ጥያቄዎች እየተደጋገሙ ተጽፈዋል። የኮንዶሚኒየም መስመር ይችለዋል ወይ? ሽቦው ቢቃጠል ማን ይጠግነዋል? ክዳኑ ይዝጋል ወይ? እንጀራው ዓይን ያወጣል ወይ?

ስክሪፕቱ እሱ ነው። ደንበኞቿ በነፃ ጽፈውላታል።

አራት አጫጭር ቪዲዮ ሠራን። እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ተዋናይት የለም። እናቷ ሼዱ ውስጥ ተቀምጠው ጋገሩ። እሷ የተቃጠለ ሽቦ አውጥታ አዲስ ስትቀይር አሳየች። ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ ወጣ፣ የእንጀራው ዓይን ታየ። ለዚያች አንዲት ምስል ግማሽ ሰዓት መብራት ሳስተካክል እናቷ "ሊጡ እኮ እየበረደ ነው" ብለው ተቆጡኝ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ የሚደውለው ሰው "የት ናችሁ?" ብቻ ብሎ መምጣት ጀመረ።

አራቱንም የቀረጽነው በአንድ ቀን ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ገንዘባችሁ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። ካሜራ ማን የሚከፈለው ባብዛኛው በቀን ነው። መብራት ተክሎ፣ ማይክ ሞክሮ እስኪዘጋጅ ረጅም ሰዓት ይሄዳል። አንድ ቪዲዮ ብቻ ይዛችሁ ከሸኛችሁት ያ ሁሉ ሰዓት ለአንድ ቪዲዮ ተከፈለ። በደንብ ከተዘጋጃችሁ ግን የስድስት ወር ሥራ በአንድ ቀን ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ማን እንደሚናገር፣ የትኛው ዕቃ ቀድሞ እንደሚነሳ፣ ቦታው መጠረጉ ሳይቀር ከቀኑ በፊት በወረቀት ይለቅ። ካሜራው ቆሞ "ምን እንበል?" እያሉ የሚመካከሩ ባለቤቶች ብዙ አይቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስለ ድምፅ የማወራው ከራሴ ውርደት ተነስቼ ነው። አንድ ነሐሴ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ውስጥ ባለቤቱን ልቀርጽ ሄድኩ። ሰውየው ሌላ ቀን አይመቸኝም አለ። እኔም እሺ አልኩ። ዝናቡ መጣ። ምስሉ ግሩም ነበር። ቢሮ ገብቼ ሳዳምጠው የሚሰማው ቆርቆሮው ብቻ ነው። በራሴ ኪሳራ ደግሜ ቀረጽኩ። ስለዚህ ክረምት ላይ የምትቀርጹ ከሆነ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። ጄኔሬተርም፣ የጎረቤት ብረት መቁረጫም ያው ነው። ደብዘዝ ያለ ምስል ሰው ይታገሳል። የማይሰማ ንግግር ሲሆን ግን ወዲያው አልፎ ይሄዳል። ስለ ካሜራው ሞዴል ከመጠየቃችሁ በፊት "ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ አለህ?" በሉት።

ውጭ ከሆነ ከቀኑ 6 ሰዓት አትቅረጹ። የአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፤ መልከ መልካሙን ሰው ሌሊቱን ያልተኛ ታስመስለዋለች። ጠዋት 2 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል።

ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ ትንሹን ቁጥር የምትመርጡ ሰዎች፣ ቁጥሩ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ። ኤዲቲንግ አለበት? ትራንስፖርት? ስንት ጊዜ እርማት? "እስኪያስደስታችሁ ድረስ አስተካክላለሁ" የሚል ሰው አትመኑ፤ ሁለት ጊዜ ብሎ የሚጽፍላችሁ ይሻላል። ክፍያውን በሦስት ክፈሉት፤ ስትፈራረሙ፣ ቀረጻው ሲያልቅ፣ ሥራውን ስትረከቡ። ጥሬ ቀረጻውን በሃርድ ዲስክ እንደምትረከቡም ውሉ ላይ ይግባ። ከዓመት በኋላ ካሜራ ማኑ ስልክ ቀይሮ ሲጠፋባችሁ ምክሬ ትዝ ይላችኋል።

ሙዚቃ ላይ ቀልድ የለም። የሰው ዘፈን ከዩቲዩብ አውርዶ ማስታወቂያ ላይ መለጠፍ በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ያስጠይቃል። ኤዲተሩ "ማንም አያውቅም" ቢላችሁም የተለጠፈው የእናንተ ስም ነው።

ዋጋና ስልክ ቁጥር ምስሉ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀርም ጽሑፍ የሌለበት ቅጂ ተቀበሉ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዕቃ አስመጪ ደንበኛዬ ዋጋውን ቪዲዮው ላይ በትልቁ አስጽፎ ነበር። ዋጋው ሲለወጥ ጽሑፉን እናንሳ ብንል ኤዲተሩ ፋይሉን አጥፍቶታል። ቪዲዮው እንዳለ ተጣለ። ጽሑፍ የሌለበት ቅጂ ካላችሁ ግን ነገ አዳማ ስትከፍቱ በኦሮምኛ አስተርካችሁ ያንኑ ምስል ትጠቀሙበታላችሁ።

ደግሞ ሁሉም ነገር ባለሙያ አያስፈልገውም። ዛሬ የገባ ዕቃ፣ ዛሬ የተዘጋ መንገድ በስልካችሁ ይበቃል፤ መስኮት አጠገብ ቆማችሁ፣ ስልኩን ለቲክቶክ አቁማችሁ። እንደ እኔ ያለውን ጥሩ ዓመት ሁለት ዓመት ለሚያገለግላችሁ ነገር ነው።

የምጣዷ ልጅ ሰሞኑን ደውላልኝ ነበር። አሁንም ደብተሩን አልተወችውም። ሌላ ቪዲዮ ልትቀርጽ ነው።

"አሁን ደግሞ ምን ይጠይቁሻል?" አልኳት።

"በሶላር ይሠራል ወይ ይሉኛል።"

"ታዲያ ይሠራል?"

"አይሠራም። እሱን ልናገር ነው የምቀርጸው" አለችኝ።