ሃሹ ገጠመ፣ ቪዲዮው ግን ተበላሸ

ጥያቄ፦ 1.5 ጊጋባይት ቪዲዮ ከኡቡንቱ ላፕቶፔ ወደ ፍላሽ ኮፒ አደረግሁ፤ በጥቂት ሰከንድ አለቀ። የሁለቱንም ፋይል ሻ-256 ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ኮድ) ሳወጣ አንድ ሆነ። ፍላሹን ነቅዬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ቪዲዮው መሃል ላይ ይቆማል። ሃሹ ዋሸኝ?

መልስ፦ ሃሹ አልዋሸም፤ የተሰላው ግን ራም ላይ ካለው ቅጂ ነው። ሊኑክስ የሚጻፈውን ፋይል መጀመሪያ ራም ውስጥ ባለው ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) ይቀበልና ለፕሮግራሙ ወዲያው «ጨርሻለሁ» ይለዋል። ወደ ፍላሹ የሚያወርደው ከበስተጀርባ ነው። በተለመደው ቅንብር ያልወረደ መረጃ ራም ላይ 30 ሰከንድ ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ደግሞ የፍላሹ ቀርፋፋነት አለ። በሰከንድ 8 ሜጋባይት የሚጽፍ ፍላሽ ለእርስዎ ቪዲዮ ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ሃሹን ሲያወጡ ሲስተሙ ፋይሉን ራም ላይ ስላገኘው ከፍላሹ ማንበብ አላስፈለገውም።

ኮፒው እንዳለቀ ተርሚናል ላይ ሲንክ (sync) ብለው ይዘዙና ትዕዛዙ እስኪጨርስ ይጠብቁ። ዝም ቢል አይደንግጡ፣ እየጻፈ ነው። ስንት እንደቀረ ለማየት በፕሮክ ፎልደር ውስጥ ሜምኢንፎ የሚባለውን ፋይል (/proc/meminfo) ከፍተው «ደርቲ» (ገና ያልወረደው) እና «ራይትባክ» (እየወረደ ያለው) የሚሉትን መስመሮች ይመልከቱ፤ ወደ ዜሮ ሲጠጉ አልቋል። ቀጥሎ ኢጀክት ያድርጉ፣ ይንቀሉት፣ መልሰው ይሰኩትና ሃሹን ያውጡ። ሲነቀል ካሹም አብሮ ስለሚጠፋ አሁን የሚነበበው ከራሱ ከፍላሹ ነው። ሳይነቅሉ፣ ካሹን የሚያስጸዳው ድሮፕ ካሽስ (drop_caches) የተባለ የሲስተም ፋይል ላይ 3 መጻፍም ይቻላል፤ የሚያጸዳው ግን ቀድሞ የወረደውን ብቻ ስለሆነ ከሲንክ በፊት ጥቅም የለውም። እኛ መንቀሉን እንመርጣለን።

ያኔም ካልገጠመ ጥፋቱ የፍላሹ ሊሆን ይችላል። ከእውነተኛ መጠኑ በላይ ተጽፎበት የሚሸጥ ፍላሽ ብዙ ነው፦ ቺፑ ሲሞላ መጻፉን የሚያቆም ይመስልዎታል፤ እሱ ግን እሺ እያለ ይቀበልና የቀደመውን ይደመስሳል፣ ወይም አዲሱን ይጥላል። ለዚህ ኤፍ3 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይፈትሻል። ጥቂት ፋይል ጽፎ መሞከር አያጋልጠውም።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ በመጻፉ በኩል ይሻላል። ከዊንዶውስ 10 የ1809 እትም ወዲህ ለፍላሽና ለውጭ ዲስክ ነባሪው ምርጫ «ክዊክ ሪሙቫል» ነው፤ መረጃ ካሽ ላይ አያቆይም። ቢሆንም ኮፒው እየሄደ አይንቀሉ። ሃሹን ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ሰርትዩቲል (certutil) ትዕዛዝ ማውጣት ይችላሉ፣ እዚህም ነቅለው ከሰኩ በኋላ።