መልስ፦ ሦስት ቀን ጃማይካ፣ ኪንግስተን ወይስ ናይን ማይል?

ማረፊያህ ሞንቴጎ ቤይ ከሆነና ያለህ ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ኪንግስተንን ተወው፤ ናይን ማይል ሂድ። ኪንግስተን ያለው ሙዚየም ቦብ ማርሌይ የኖረበት ቤት ነው። ናይን ማይል ግን የተወለደበትም የተቀበረበትም መንደር ነው፤ ላንተም ይቀርባል።

1. የደረስክ ቀን ዶክተርስ ኬቭ የሚባለው የባህር ዳርቻ ዋኝ። እዛው ከተማው ውስጥ ነው፤ መግቢያ ያስከፍላል።

2. በማግስቱ ናይን ማይል። በጠዋት ውጣ፣ መንገዱ ተራራ ለተራራ ይጠማዘዛል። መቃብሩ ጋ አትቸኩል። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል። ራስታዎቹም ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1966 ጃማይካ የመጡበትን ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 13ን፣ ዛሬም ያከብሩታል። ከኢትዮጵያ መሆንህን ንገራቸው። እኔን አንድ ሽማግሌ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ከባህሩ ሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ነው።

3. ሦስተኛውን ቀን ለኔግሪል ስጥ። በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እዛ ያለው ሰቨን ማይል የሚባለው የባህር ዳርቻ አሸዋው ነጭ፣ ውሃው የረጋ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ሳታይ እንዳትመለስ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ታክሲ ከመግባትህ በፊት ዋጋውን ቁረጥ፤ «የትኛው ዶላር?» ብለህም ጠይቅ። እኔ በጃማይካ ዶላር መስሎኝ ገብቼ ስወርድ በአሜሪካ ዶላር ተጠየቅኩ። ሕጋዊ ታክሲ ታርጋው ቀይ ነው።