ፕራዶ ከፍ ከተደረገ በኋላ ኋላው ለምን ይደርቃል? የሞላ አመራረጥ

ጥያቄ፦ የ2012 ፕራዶ አለኝ፤ ፊቱንም ኋላውንም 5 ሳ.ሜ. አስነስቼዋለሁ። ኋላ የገባው ሞላ «ለ400 ኪሎ ቋሚ ጭነት» የሚባለው ነው፤ አሞርዛተሩ (የሞላውን ውዝዋዜ የሚያበርደው) የፋብሪካው ነው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ከቤተሰብ ጋር ዕቃ ጭነን ወደ ባሌ እንሄዳለን፤ የቀረውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ባዶውን ነው የምነዳው። የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ላይ ኋላ የተቀመጡት ከወንበር ይነሳሉ፤ አንዳንዴም ከሥር «ጓ» የሚል ድምፅ አለ። ሞላውን ልቀይር ወይስ አሞርዛተሩን?

መልስ፦ ሁለቱንም፤ የችግሩ ምንጭ ግን ሞላው ነው። ሞላ መመረጥ ያለበት መኪናው በየቀኑ ይዞት በሚዞረው ክብደት ነው። «ቋሚ ጭነት» ማለት ሌት ተቀን ከመኪናው የማይወርድ ክብደት ነው፤ ለምሳሌ የብረት ፓራውልት፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ የተሠራ መሳቢያ። የእርስዎ መኪና ይህን ሁሉ ካልያዘ ሞላው የሚሠራበት ጭነት የለውም።

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲመች፣ ባዶው መኪና በእያንዳንዱ የኋላ ሞላ ላይ 450 ኪሎ ያሳርፋል እንበል። በአንድ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን (2.5 ኪሎ ያህል) የሚገፋ ለስላሳ ሞላ በዚህ ክብደት 17.5 ሳ.ሜ. ገደማ ይጨመቃል፤ የመኪናው ኋላ በሴኮንድ 1.2 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። 45 ኒውተን የሚገፋው ግን 10 ሳ.ሜ. ብቻ ተጨምቆ ውዝዋዜው ወደ 1.6 ይወጣል። ለተሳፋሪ የሚመቸው ከ1 እስከ 1.5 ያለው ነው። ኋላ ላይ 300 ኪሎ ሲጨመር ደግሞ ለስላሳው 6 ሳ.ሜ. ይወርዳል፣ ጠንካራው 3 ሳ.ሜ. ከጥቂት። ጠንካራው ሞላ የተሠራው ለዚያ ቀን ነው፤ ችግሩ በቀሩት ቀናት ነው። በዓይን አይቶ መግዛትም ያሳስታል፦ የሽቦው ውፍረት ከ14 ወደ 15 ሚ.ሜ. ሲያድግ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ሞላው ከ30 በመቶ በላይ ይጠነክራል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይለኩ። መኪናውን ሜዳ ላይ ባዶውን አቁመው ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን በሁለቱም ጎን ይመዝግቡ። ከባድ ሞላ ባዶ መኪና ሥር ሲገባ ከተባለው በላይ ስለሚያነሳ፣ ኋላው 7 ወይም 8 ሳ.ሜ. ተነስቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ቀጥሎ ክሪኩን ሻንሲው ላይ ደግፈው ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ያንሱና ያንኑ ርቀት እንደገና ይለኩ። ልዩነቱ ጎማው ወደ ታች ለመንጠልጠል የቀረው ጉዞ ነው። ከ5 ሳ.ሜ. በታች ከሆነ «ጓ» የሚለው ምን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው፦ ጎማው ጉብታውን አልፎ ሲወርድ አጭሩ የፋብሪካ አሞርዛተር እስከ መጨረሻው ተስቦ ይመታል። እንዲህ እየመታ ከቆየ ውስጡ ይሰበራል፣ ዘይትም ያፈስሳል።

ተሳፋሪው ከወንበር የሚነሳው በሌላ ምክንያት ነው። የፋብሪካው አሞርዛተር የተስተካከለው ለለስላሳ ሞላ ስለሆነ፣ ጠንካራው ሞላ ተጨምቆ ሲመለስ ሊይዘው አይችልም። ሞላውን አለስልሶ ለከባድ ጭነት የተሠራ አሞርዛተር ማስገባትም ስህተት ነው፤ ኮረኮንች ላይ ጎማው ሳይመለስ ሌላው ጉድጓድ ይደርሳል፣ መኪናውም እየሰመጠ ይደርቃል። ስለዚህ ሁለቱን ከአንድ አምራች፣ ለአንድ የጭነት ደረጃ የተሠሩ አድርገው ይግዙ።

እኔ የምመክርዎ በባዶ ወይም በቀላል ጭነት 5 ሳ.ሜ. የሚያነሳውን ሞላ፣ ለዚሁ ከፍታ ከተሠራ ረጅም አሞርዛተር ጋር ነው። ለባሌው ጉዞ በሞላው ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት ይጨምሩ፣ እሱም ከፍ ላለ መኪና የተሠራው ይሁን። ባዶውን ሲነዱ 5 ፒኤስአይ ገደማ ይተዉበት፤ ሲጭኑ መኪናው ቀጥ እስኪል ይንፉ፣ አምራቹ ከጻፈው ጣሪያ ግን አይለፉ። ሞላውን ቆርጦ ማሳጠር መፍትሔ አይደለም፤ ጥምዝ በቀነሰ ቁጥር ሞላ ይጠነክራል። ከላይ ስፔሰር (ከፍታ የሚጨምር ቀለበት) መጨመርም ሞላውን አያለሰልስም፣ ጭራሽ የመንጠልጠያውን ጉዞ ይበላል።

ሲገጠም አብረው ይቁሙ። ሻንሲው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይረፍ፣ አክስሉ በክሪክ ተይዞ ቀስ እያለ ይውረድ፤ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው እንዳይወጠሩ ይታዩ። የሞላው ጫፍ ከታችኛው መቀመጫ ማቆሚያ ጋር መግጠም አለበት፣ ከሞላው በላይ የሚቀመጠው የጎማ ትራስም ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ አለዚያ ሲጮህ ይኖራል። ብዙ ጋራዥ የሚዘነጋው የጎሚኒውን፣ ማለትም በዘንጎቹ ጫፍ ያለውን ጎማ፣ ነገር ነው። አክስሉን የሚይዙት ዘንጎችና የፓናርድ ሮዱ (አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ) ብሎኖች መኪናው ሲነሳ ላልተው፣ መጨረሻ የሚጠብቁት ጎማው መሬት ረግጦ መኪናው በራሱ ክብደት ከቆመ በኋላ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ እንደ ተጨማሪ ሞላ ሆኖ ያደርቃል፣ ቶሎም ይቀደዳል። አሁን ያለው ሞላ ሲገባ እንዲህ ተጠብቆ ከሆነ የድርቀቱ ከፊል ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ፓናርድ ሮዱ አክስሉን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጎን ቢስበው አይደንግጡ፤ ልዩነቱ ከ1 ሳ.ሜ. ካለፈ ርዝመቱ የሚስተካከል ሮድ ይግዙ። የጎማውን አየር በሾፌሩ በር ላይ ባለው ጽሑፍ መሠረት ያድርጉ፣ 40 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ የጥሩ ሞላን ሥራ ያበላሻል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን ያስፈትሹና ከፍታውን ደግመው ይለኩ፤ አዲስ ሞላ ትንሽ ይቀመጣል፣ የፊት መብራቱም የሚስተካከለው ያኔ ነው።