የሙያ ምክር፦ በአፍሪካ ሕብረት የሰላምና የዴሞክራሲ ሥራ ውስጥ መግባት ለምትፈልግ ተመራቂ

የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ዕድሜዬ 24 ነው። የአፍሪካ ሕብረት መፈንቅለ መንግሥት በተደረገባቸው አገሮች ላይ በሚሠራው ሥራ መሳተፍ እፈልጋለሁ። እስካሁን ካመለከትኩባቸው ቦታዎች አንዱም አልጠራኝም። ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር? ደግሞስ አገር ይታገዳል፣ ወታደሮቹ ግን ሥልጣን ላይ ይቆያሉ፤ ይህ ሥራ እውነት ውጤት አለው?»

ውድ እህታችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ እንነሣ። ቃለ መጠይቅ ላይም በሌላ መልክ መምጣቱ አይቀርም።

ሕጉ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው። የሕብረቱ ማቋቋሚያ ሕግ አንቀጽ 30 ከሕገ መንግሥት ውጭ ሥልጣን የያዘ መንግሥት በሕብረቱ ሥራ እንዳይሳተፍ ይከለክላል። በ2007 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር ደግሞ በአንቀጽ 23 ድርጊቱ ምን ምን እንደሚያካትት ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ብቻ አይደለም ያለው፤ ተሸንፎ ሥልጣን አልለቅም ማለትም፣ የሥልጣን ሽግግርን ለማደናቀፍ ሕገ መንግሥት ማሻሻልም አለበት። ኢትዮጵያ ቻርተሩን ቀድመው ካጸደቁት አገሮች አንዷ ናት።

አፈጻጸሙ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ መለየት የሙያሽ ዋና ክፍል ነው። በጋምቢያ ፕሬዚዳንቱ ያህያ ጃሜ በዲሴምበር 2016 ምርጫ ተሸነፉ፣ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ፣ ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩ። አሸናፊው አዳማ ባሮ ጃንዋሪ 19 ቀን 2017 ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያው ቀን የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ባሮን የሚደግፍ ውሳኔ ቁጥር 2337ን አወጣ፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ የሆነው የኢኮዋስ ጦርም ድንበር ተሻገረ። ጃሜ በሁለት ቀን ውስጥ አገር ለቀው ወጡ። እዚህ የተመረጠ አሸናፊ ነበር፣ አገሪቱን ከሦስት በኩል የከበባት ሴኔጋል ፈቃደኛ ነበረች፣ የቀጠናው መሪዎችም አንድ ቃል ተናገሩ። በኒጀር በ2023 ወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ እነዚህ አልተሟሉም። ኢኮዋስ የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጥቶ በጦር አስፈራራ፣ የናይጄሪያ ሴኔት ግን ሐሳቡን አልደገፈም፤ ማሊና ቡርኪና ፋሶ ከኒጀር ወታደሮች ጎን ቆሙ። ድንበር ተዘጋ፣ ናይጄሪያ መብራት ቆረጠች፣ ተጎጂው ሕዝቡ ሆነ። ማዕቀቡ በፌብሩዋሪ 2024 ሲላላ ወታደሮቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ፤ ሦስቱ አገሮች በጃንዋሪ 2025 ከኢኮዋስ ወጡ።

ሌላም አለ። የቻርተሩ አንቀጽ 25 ሥልጣን በኃይል የያዘ ሰው ሥርዓቱን ለመመለስ በሚካሄደው ምርጫ እንዳይወዳደር ይከለክላል። ቻድ በ2021 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ አልታገደችም፤ መሪያቸው ማሐማት ዴቢ በ2024 ተወዳድረው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጋቦን ታግዳ ነበር፤ መፈንቅለ መንግሥቱን የመሩት ጄኔራል ኦሊጊ ንጌማ በኤፕሪል 2025 ተወዳድረው አሸነፉ፣ እገዳውም በዚያው ወር ተነሣ። ይህ የሕብረቱን ቃል በእጅጉ ያደክመዋል ብለን እናምናለን። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን በአንቀጽ ቁጥርና በዓመት የምታስረዳ ሰው፣ «ለሰላም ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ከሚሉት መቶ ሰዎች ተለይታ ትታያለች። ስለዚህ መልሳችን፦ ሥራው ውጤት አለው፤ ውጤቱ ግን በጎረቤቶች ፈቃድና በፍጥነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አሁን ወደ ማመልከቻሽ። ዝም የሚሉሽ በዲግሪሽ ማነስ አይመስለንም። ችግሩ ሲቪሽ ላይ «ይህች ልጅ ሰኞ ጠዋት ምን ልትሠራልኝ ትችላለች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለመኖሩ ነው። በፖለቲካ ጉዳዮች ክፍል ውስጥ የጀማሪ ባለሙያ የዕለት ሥራ መጻፍ ነው፦ ለአለቃ የሚቀርብ አጭር የሁኔታ ትንተና፣ የስብሰባ ማስታወሻ፣ የመግለጫ ረቂቅ። ይህን ማንም ሳይቀጥርሽ መለማመድ ትችያለሽ።

አንድ አገር ብቻ ምረጪ። ለምሳሌ ሱዳን፤ ጎረቤት ናት፣ በኦክቶበር 2021 ታግዳለች፣ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት፣ ጉዳይዋም አዲስ አበባ ውስጥ በየጊዜው ይነሣል። እገዳን የሚወስነው የሕብረቱ የሰላምና ፀጥታ ምክር ቤት ስለ ሱዳን ያወጣቸውን መግለጫዎች ከሕብረቱ ድረ ገጽ ሰብስበሽ በቀን ቅደም ተከተል አንብቢ። የትኛው ሐረግ እንደጠነከረ፣ የትኛው እንደተተወ አስምሪበት፤ ለውጡ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ሁለት ገጽ ጻፊ፣ ከሁለት አታስበልጪ። በመጀመሪያዎቹ አምስት መስመሮች በዚህ ወር ምን እንደተለወጠ ተናገሪ። ቀጥሎ ተዋናዮቹን፦ ማን ምን ይፈልጋል፣ ከጀርባው ማን አለ። ከዚያ የሚመለከተውን አንቀጽ፣ ከዚያ ሦስት አማራጮችን ከነዋጋቸው፣ በመጨረሻም አንድ ምክር ከነጊዜ ገደቡ። ምክር ቤቱ 15 አባላት አሉት፤ አሥሩ ለሁለት ዓመት፣ አምስቱ ለሦስት ዓመት ይመረጣሉ። በስምምነት ለመወሰን ይሞክራሉ፣ ካልሆነ በዋና ጉዳይ ላይ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ ስትጽፊ ከ15ቱ ማን ሊቃወም እንደሚችል ካልጠቀስሽ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው። የጀማሪዎች የተለመደ ስሕተት አንዱን ገጽ በቅኝ ግዛት ታሪክ መጨረስ ነው፤ አለቃው ያንን ያውቀዋል። በወር አንድ እየጻፍሽ ስድስት ሲሞላ ሁለቱን ምርጥ ከማመልከቻሽ ጋር የምታያይዣቸው ናሙናዎች አድርጊያቸው። የአማኒ አፍሪካንና የደኅንነት ጥናት ተቋምን ትንተናዎች አንብቢ፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራሉ፣ የምክር ቤቱን ወርሃዊ አጀንዳም ይከታተላሉ።

ሁለተኛው በር የምርጫ ትዝብት ነው፤ እዚሁ አገር ቤት ይጀመራል። በአዋጅ 1162/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ምርጫ ቦርድ ለአገር ውስጥ ሲቪል ማኅበራት የታዛቢነት ፈቃድ ይሰጣል። ከእነዚህ በአንዱ በኩል ተመዝገቢ፤ የፓርቲ አባል ከሆንሽ ግን ገለልተኛ ታዛቢ መሆን አትችይምና አስቀድመሽ ወስኚ። የሥራው ልክ ይህ ነው፦ ጣቢያው ሳይከፈት ትደርሻለሽ፣ ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ሲታይ ታያለሽ፣ የማሸጊያዎቹን ቁጥር ትመዘግቢያለሽ፣ ማታ ሲከፈት ያው ቁጥር መሆኑን ታመሳክሪያለሽ። ድምፅ መስጫ ወረቀት አትነኪም። ስሕተት ብታዪ አታርሚም፣ ትጠይቂያለሽ፣ ትመዘግቢያለሽ። ለጋዜጠኛ የግል አስተያየት አትሰጪም። ሪፖርት ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው «ሂደቱ ጥሩ ነበር» ብሎ ሲጽፍ ነው። «ከቀኑ 5:10 እስከ 5:45 በነበርኩበት ጊዜ ሦስት መራጮች ስማቸው መዝገብ ላይ ባለመገኘቱ ተመለሱ» የሚለው ነው ዋጋ ያለው። ቆጠራውን ሳታዪ አትሂጂ፤ ብዙ ታዛቢ የሚደክመው፣ ብዙ ችግርም የሚፈጠረው ያን ጊዜ ነው። ዓለም አቀፍ ቡድኖች በ2005 በተባበሩት መንግሥታት ይፋ የተደረገውን የምርጫ ትዝብት መርሆዎች ሰነድ ይከተላሉ፤ አንብቢው።

ቋንቋ ላይ ደግሞ ግልጽ እንሁን። ከ2020 ወዲህ ከታገዱት ውስጥ ሱዳንን ትተሽ እነዚህን ቁጠሪ፦ ማሊ፣ ጊኒ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኒጀር፣ ጋቦን። አምስቱም ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋቸው የሆነ ወይም የነበረ አገሮች ናቸው። በእንግሊዝኛ ብቻ የምትወዳደሪ ከሆነ ከናይጄሪያ፣ ከኬንያና ከጋና ተመራቂዎች ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ነሽ። ከዜሮ ተነስቶ በፈረንሳይኛ ሪፖርት ለማንበብና ስብሰባ ለመከታተል ከ500 እስከ 600 ሰዓት የክፍል ትምህርት ገደማ ይጠይቃል፤ በሳምንት አሥር ሰዓት ብትማሪ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። አዲስ አበባ ውስጥ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ያስተምራል። ሁለተኛ ዲግሪን አሁን አንመክርሽም። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሥሪ፣ ከዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ፕሮግራም የበለጠ ይጠቅምሻል፤ የመመረቂያ ጥያቄሽን ከሥራ ይዘሽው ትገቢያለሽና።

ለእነዚያ ሁለት ዓመታት የት? የሕብረቱ የወጣት በጎ ፈቃደኞች ቡድን ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ለአንድ ዓመት ይመድባል። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን የሚወጡ ቦታዎች አሉት፤ የወጣት ምድቡ እስከ 26 ነው፣ ስለዚህ ጊዜሽ አጭር ነውና ዘንድሮ ፕሮፋይልሽን ሙይ። የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማዕከልም፣ ሴዋርን የሚባለው፣ አዲስ አበባ ነው። ቢሴፍ የተባለውን የተባበሩት መንግሥታት የደኅንነት ኮርስ በነፃ በኢንተርኔት ወስደሽ ሰርተፊኬቱን ያዢ። የፋይናንስ፣ የግዥ ወይም የሎጂስቲክስ ችሎታ ካለሽም አትናቂው፤ ሰላም አስከባሪ ተልዕኮ ያለ ነዳጅና ያለ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ቀን አያድርም።

በቴሌግራም «የአፍሪካ ሕብረት ሥራ እናስገባለን» እያሉ የመመዝገቢያ ክፍያ የሚጠይቁሽ ካሉ ወዲያው ዝጊባቸው። ሕብረቱም ሆነ የተባበሩት መንግሥታት በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ከአመልካች ገንዘብ አይቀበሉም፤ ማስታወቂያውን ሁልጊዜ ከራሳቸው ድረ ገጽ አረጋግጪ።