ቀርከሃ፣ ደብርና ዲከረንስ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

የእንጅባራው ወንድማችን ቀርከሃው ቁመት ቢጨምርም ውፍረት እንደጠላ ጽፎልናል። ምን ላድርገው ይላል።

ምንም አታድርገው። ቀርከሃ ከሣር ወገን ነው። ከመሬት ይዞት የወጣውን ውፍረት ይዞ ይኖራል። ቁመቱን በጥቂት ወራት ይጨርስና ከዚያ ይጠነክራል እንጂ አይወፍርም። ወፍራም ከፈለግህ የሚቀጥለውን ክረምት ቡቃያ ጠብቅ።

በየካቲት ዓባይ በረሃን ያቋረጠች እህት ደንግጣለች። ደጀን ላይ ዛፉ አረንጓዴ ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን ሁሉም ደርቋል። በረሃው አለቀ ወይ?

አላለቀም። ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተሽ ድልድዩ ጋ ስትደርሺ 1,000 ሜትር አካባቢ ነሽ። እዚያ ዛፉ በጋውን ቅጠሉን ይዞ ቢቆይ ውሃው በቅጠሉ በኩል ተንኖ ያልቅበታል። ስለዚህ ያራግፈዋል። የደጋው ጥድና ወይራ ቅጠላቸው ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይለቁም። ከተጠራጠርሽ ቅርንጫፉን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው። ሾፌሩ ከቆመልሽ።

ከቢቸና አካባቢ የአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ አባል ደግሞ የደብሩ ጥድና ወይራ እያረጀ ነው፣ ከሥሩ አንድም ቡቃያ የለም ይላሉ። ክፍት ቦታው ላይ ባህር ዛፍ እንትከልበት ወይ ብለውም ይጠይቃሉ።

እባክዎ አይትከሉበት! ባህር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ማን ይጠላዋል። ግን ውሃ ይሻማል፣ ከሥሩም ሌላ ነገር እንደልቡ አይበቅልም። ለደብር አጸድ አይሆንም።

አሁን ወደ ቡቃያው። ጥድ ብርሃን ይወዳል፤ ከጥቅጥቅ ጥላ ሥር ልጁ ባይታይ አይገርመኝም። ወይራና ዝግባ ግን በልጅነታቸው ጥላ ይችላሉ። እነሱም ከጠፉ ነገሩ ሌላ ነው፤ እኔ የምጠረጥረው ከብቱን ነው። ወፍ የወይራውን ፍሬ በልታ ዘሩን ትጥላለች፣ ዘሩ ይበቅላል፣ ከዚያ የጎረቤት በግና ጥጃ ገብቶ ይግጠዋል፤ የተረፈውንም ይረግጠዋል። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የተደረገ ጥናትም ከብት ሲከለከል ቡቃያ በተሻለ እንደሚጸድቅ አሳይቷል። እኛ ግን በየክረምቱ ችግኝ ተክለን፣ ፎቶ ተነስተን፣ በሩን ለከብት ክፍት ትተን እንሄዳለን።

መጀመሪያ ደብሩን አጥር ይሥሩለት። ከእርሻ የሚለቀም ድንጋይ ለካብ ይበቃል። ከሥር ያለውን ቁጥቋጦም "አጸዳን" ብላችሁ አትመንጥሩት፤ እርጥበት የሚይዘው እሱ ነው። ወፍ ዘራሹ ራሱ ይመጣል። የጥቁር እንጨት ዘር ካገኙ ግን ሳይሰነብት ይዝሩት፤ ተቀምጦ አይቆይም። የወረዳውን የደን ባለሙያ ማማከርም አይከፋም።

ከፋግታ ለኮማ አንድ ገበሬ የዲከረንሱን፣ የዚያን ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት ዛፍ፣ ፎቶ ልከዋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ቅርንጫፉ ላይ እባጭ ነገር አለ። መድኃኒት ንገረኝ ይላሉ።

አልነግርዎትም። በአዊ ዲከረንስ ላይ የዝገት በሽታ የሚባል ፈንገስ ገብቷል፤ የእርስዎ እሱ ይሁን አይሁን ግን በፎቶ አይለይም። የግብርና ጽሕፈት ቤቱን የዕፅዋት ጤና ባለሙያ ማሳው ድረስ ይውሰዱት። ነገ ዛሬ አይበሉ። እስከዚያ ከዚያ ማሳ ችግኝ አይሽጡ፣ ለዘመድም አይስጡ። ተራራው ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ሲሸፈን በሽታ መንገዱ ቀና ነው፤ ከሰሉ ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ ይህን የሚሰማ አልነበረም።

በመጨረሻ፣ በልጅነቱ ዋንዛ ላይ ስሙን የቀረጸ የቡሬ ሰው ቀና ብሎ ቢፈልግ አጣሁት ይላል።

ዝቅ ብለህ ፈልግ። ግንድ የሚረዝመው ከጫፉ ነው። ስምህ እዚያው ነው፤ የረዘምከው አንተ ነህ።